ከሰገነት ወንበር እስከ ካሜራው ጀርባ፦ የ1960ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ እና የዘር ጥያቄ

ማርች 7 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ) እሑድ ምሽት ብዙ አሜሪካውያን ቤታቸው ተቀምጠው በኤቢሲ ቴሌቪዥን ፊልም ይመለከቱ ነበር። ፊልሙ የናዚ ጀርመን ዳኞች በሕግ ስም በፈጸሙት ግፍ የተዳኙበትን የኑረምበርግ ችሎት ይተርካል። ጣቢያው ፊልሙን በድንገት አቋርጦ ዜና አስገባ። በአላባማ ግዛት፣ በሴልማ ከተማ፣ የመምረጥ መብታቸውን ለመጠየቅ በሰላም የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ድልድይ ተሻግረው ሲመጡ በፖሊስ ዱላ ሲደበደቡና በአስለቃሽ ጭስ ሲታፈኑ ታዩ። ተመልካቹ በሩቅ አገር የተፈጸመውን ግፍና በገዛ አገሩ የሚፈጸመውን በአንድ ምሽት ጎን ለጎን አየ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 6 ቀን 1965፣ የመምረጥ መብት ሕግ ተፈረመ።

አሜሪካ በእነዚያ ዓመታት ያለፈችበትን የዘር ውጥረት ለመረዳት የዘመኑን ፊልሞች መመልከት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ፊልሞቹ ለውጡን አልመሩትም። አብዛኛውን ጊዜ ከአደባባዩ ኋላ፣ እየፈሩና እያመነቱ ተከተሉት። በዚያም ምክንያት አንድ ኅብረተሰብ በየዓመቱ ምን ለማየት እንደደፈረና ከምን ፊቱን እንዳዞረ ያሳያሉ። ጉዳዩን በሦስት ጥያቄዎች ለይቶ ማየት ይቻላል፤ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ማን ነው? ሲበደል መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ካሜራውን የያዘውስ ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በር የተለየባቸው ሲኒማ ቤቶች

ከ1960ዎቹ በፊት በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ሲኒማ ቤት መግባት ራሱ የዘር ጉዳይ ነበር። ጥቁር ተመልካች ትኬት የሚቆርጠው በሌላ መስኮት፣ የሚገባው በጎን በር፣ የሚቀመጠውም ላይ በሰገነቱ ነበር። በብዙ ቦታዎች ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። ቀለምን መሠረት ያደረገው ይህ የመለያየት ሥርዓት ትምህርት ቤቱን፣ አውቶቡሱንና የውኃ መጠጫውን ጭምር የሚገዛ ሲሆን፣ በተለምዶ «ጂም ክሮው» ይባል ነበር።

መለያየቱ ከወንበሩ አልፎ ወደ ፊልሙ ይዘትም ይገባ ነበር። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተተገበረው የሆሊውድ አምራቾች ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግን የፍቅር ግንኙነት ማሳየት ይከለክል ነበር። ክልከላው ከደንቡ የወጣው በ1956 ነው። ከደንቡም ባሻገር የገበያ ፍርሃት ነበር። የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን አንቀበልም ቢሉ አምራቹ ይከስራል። በመሆኑም እንደ ሌና ሆርን ያሉ ጥቁር ድምፃውያን የሚታዩባቸው ክፍሎች ከዋናው ታሪክ ተነጥለው ይቀረጹ ነበር፤ ፊልሙ ወደ ደቡብ ሲላክ ታሪኩ ሳይፋለስ ተቆርጠው እንዲወጡ ታስቦ ነው።

የሃቲ ማክዳንኤል ታሪክ የዚያን ዘመን ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። ተዋናይቷ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተሰኘው ፊልም የቤት ሠራተኛ ሆና በመጫወት በ1940 የኦስካር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አርቲስት ናት። ሆኖም ፊልሙ በአትላንታ ከተማ ሲመረቅ በጆርጂያ ግዛት የመድልዎ ሕግ ምክንያት ልትገኝ አልቻለችም። ሽልማቷን በተቀበለችበት ምሽትም ከሥራ ባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ሥር ባለ አነስተኛ ጠረጴዛ እንድትቀመጥ ተደርጓል።

አንድ ቤትና አንድ ችሎት

የ1960ዎቹ ፊልሞች ይህን ግድግዳ መነቅነቅ የጀመሩት በቤተሰብ ታሪክ ነው። በ1961 የወጣው «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» ሎሬይን ሃንስቤሪ ከጻፈችው ተውኔት የተሠራ ነው። በቺካጎ በጠባብ ቤት ተጨናንቀው የሚኖሩ የያንገር ቤተሰብ አባላት አባታቸው ሲሞት 10,000 ዶላር የሕይወት መድን ይደርሳቸዋል። እናት ከገንዘቡ ከፍላ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ትገዛለች። ልጅ ደግሞ የተረፈውን ለንግድ ብሎ ለአንድ ባልንጀራው ይሰጥና ይከዳል። በዚህ መሐል የሰፈሩ ነዋሪዎች ተወካይ በትሕትና ይመጣና እንዳይገቡባቸው ገንዘብ እንክፈላችሁ ይላቸዋል። ሰውዬው አይሳደብም፣ አይጮኽም። ፊልሙ ዘረኝነት ከረባት አስሮ፣ ፈገግ ብሎ፣ የውል ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ያሳየው በዚህ ነው።

ታሪኩ ከእውነተኛ ሕይወት የራቀ አልነበረም። የደራሲዋ አባት በ1937 በቺካጎ ነጮች በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ገዝተው ነበር። ጉዳዩ በክርክር እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ውሳኔ አግኝቷል። መሬትና ቤት የማፍራት መብት ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ማንኛውም ተመልካች የያንገር ቤተሰብ ጭንቀት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1962 መጨረሻ ደግሞ ከሃርፐር ሊ ልብ ወለድ የተሠራው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ለእይታ በቃ። በ1930ዎቹ በአላባማ ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር የጉልበት ሠራተኛ ባልፈጸመው የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ይከሰሳል። አቲከስ ፊንች የተባለው ነጭ ጠበቃ ንጽሕናውን በማስረጃ ያሳያል፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የፍርድ ሸንጎ ግን ጥፋተኛ ይለዋል። በችሎቱ አዳራሽም ጥቁሮቹ የተቀመጡት ልክ እንደ ሲኒማ ቤቱ በሰገነቱ ላይ ነው። ጠበቃው ተሸንፎ ሲወጣ ሁሉም በአንድነት ከመቀመጫቸው ይነሱለታል።

ፊልሙ ብዙ ነጭ አሜሪካውያን የአገራቸውን የፍትሕ ሥርዓት እንዲጠይቁ አድርጓል። ጠበቃውን ሆኖ የተጫወተው ግሪጎሪ ፔክም ኦስካር ተሸልሟል። ያም ሆኖ ታሪኩ የሚነገረው በነጭ ልጅ ዓይን፣ ጀግናውም ነጭ ጠበቃ ነው። የሚሞተው ቶም ግን ስለ ራሱ የሚናገርበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚያን ጊዜ ሲኒማው የጥቁሩን መከራ ለማሳየት ደፍሮ ነበር፤ ቁጣውን ለማሳየት ግን ገና አልደፈረም።

የቲማቲም ገበሬው ልጅ

ይህን ድንበር ገፍቶ ያሰፋው ሲድኒ ፖይቲየር ነው። ወላጆቹ በባሃማስ ደሴቶች ካት አይላንድ በተባለችው ደሴት ቲማቲም አምርተው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ምርታቸውን ለመሸጥ ወደ ማያሚ በሄዱበት በ1927 ልጃቸው ጊዜው ሳይደርስ እዚያው ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ኒውዮርክ አቅንቶ በምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ኖረ። በአንድ የጥቁሮች ቲያትር ቤት ለመቀጠር ቢሞክርም በደሴት አነጋገሩና በደካማ ንባቡ ምክንያት ተመለሰ። እርሱ ግን ሬዲዮ እያዳመጠ አነጋገሩን አረመ። በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ አረጋዊ አስተናጋጅም ጋዜጣ እያስነበቡ አስተማሩት።

ኤፕሪል 13 ቀን 1964 ፖይቲየር «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» በተሰኘው ፊልም በዋና ተዋናይነት ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ በአሪዞና በረሃ ለሚኖሩ መነኮሳት በእጁ የጸሎት ቤት የሚሠራ መንገደኛ የቀን ሠራተኛ ነው። ሽልማቱ በተሰጠበት ሰሞን በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ ላይ ይከራከር ነበር። ሕጉ ጁላይ 2 ቀን 1964 ተፈረመ። መድልዎ የከለከለባቸውን ስፍራዎች ሲዘረዝርም ሆቴልና ምግብ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሲኒማ ቤትንም በስም ጠቅሷል። የሰገነቱ ሥርዓት በሕግ ያበቃው በዚያን ጊዜ ነው።

ሕጉ ቢፈረምም በደቡብ ያለው አደጋ አልተወገደም። በዚያው በ1964 ክረምት ፖይቲየርና ጓደኛው ሃሪ ቤላፎንቴ ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ ለሚንቀሳቀሱ ወጣቶች የሚውል 70,000 ዶላር ይዘው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ግሪንዉድ ከተማ ተጓዙ። በሌሊት ጉዟቸውም የኩ ክለክስ ክላን አባላት በመኪና አሳደዷቸው። ያ ሌሊት ከሦስት ዓመት በኋላ ለተሠራው የዘመኑ ዝነኛ ፊልም ጥላውን አሳርፎበታል።

መልስ ያገኘው ጥፊ

ፊልሙ በ1967 የወጣው «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ሲሆን፣ በአማርኛ «በሌሊቱ ወበቅ» ሊባል ይችላል። ታሪኩ የሚፈጸመው ስፓርታ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ነው። አንድ ባለሀብት ተገድሎ ይገኛል፤ ፖሊስም በባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ባቡር የሚጠብቀውን እንግዳ ጥቁር ሰው ይይዛል። የተያዘው ሰው ቨርጂል ቲብስ፣ ከፊላደልፊያ የመጣ የግድያ ወንጀል መርማሪ ሆኖ ይገኛል። የከተማዋ የፖሊስ አዛዥም ሳይወድ የእርሱን እገዛ ይሻል።

ዳይሬክተሩ ኖርማን ጄዊሰን ፊልሙን በሚሲሲፒ አልቀረጸም። ፖይቲየር በግሪንዉድ የደረሰበትን አስታውሶ ወደ ደቡብ አልሄድም በማለቱ አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው በሰሜን፣ በኢሊኖይ ግዛት ነው። የጥጥ እርሻውን ለመቅረጽ ብቻ ለአጭር ጊዜ ወደ ቴነሲ ተወርዷል። ስለዚህ የዘር ጥላቻን የሚያሳይ ፊልም በዚያው ጥላቻ ምክንያት ታሪኩ በሚፈጸምበት ስፍራ ሊሠራ አልቻለም።

በፊልሙ ሁለት ጉዳዮች ተመልካቹን አስደንግጠዋል። አንደኛው የአጠራር ነው። በደቡብ ሥርዓት ጥቁር ሰው ሽማግሌም ቢሆን «አንተ ልጅ» ይባላል እንጂ የአክብሮት መጠሪያ አይሰጠውም። አዛዡ በአገርህ ምን ብለው ይጠሩሃል ብሎ በንቀት ሲጠይቀው ቲብስ «አቶ» ከሚለው ማዕረግ ጋር ስሙን ይነግረዋል። «አንተ» እና «አንቱ» በሚለዩበት ቋንቋ ለሚናገር ሰው የዚህ መልስ ክብደት ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ጥፊው ነው። ቲብስ አንድን ኃያል የጥጥ እርሻ ባለቤት ስለ ግድያው ይጠይቀዋል። ባለርስቱ መጠየቁን እንደ ድፍረት ቆጥሮ በጥፊ ይመታዋል፤ ቲብስም ሳይውል ሳያድር፣ በዚያችው ቅጽበት፣ መልሶ በጥፊ ይመታዋል። በቀደሙት የሆሊውድ ፊልሞች ጥቁር ሰው ሲመታ አንገቱን ይደፋ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን በእኩልነት መለሰ፤ ከዚያም ሥራውን ቀጠለ። ወደ ባለርስቱ ቤት ሲሄድ በመኪናው መስኮት ያያቸው፣ ፀሐይ ላይ ጎንበስ ብለው ጥጥ የሚለቅሙት ጥቁር ሠራተኞችም ጥፊው ከአንድ ሰው ክብር ያለፈ ትርጉም እንዳለው ያመለክታሉ።

ፊልሙ በኒውዮርክ መታየት የጀመረው ኦገስት 2 ቀን 1967 ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት በዲትሮይት ከተማ በተቀሰቀሰው ዓመፅ 43 ሰዎች ሞተዋል። በአደባባይ ቤትና ሱቅ እየተቃጠለ በነበረበት ሰሞን በስክሪን ላይ የታየው አንድ ጥፊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲኒማው ከአደባባዩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ይለካል።

ከእራት ግብዣ እስከ ቀብር

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር «ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» ወጣ፤ «ለእራት የሚመጣውን ገምቱ» እንደማለት ነው። አንዲት ነጭ ወጣት ልታገባው የወሰነችውን ጥቁር ሐኪም ከወላጆቿ ጋር ታስተዋውቃለች። ወላጆቹ ለዘር እኩልነት የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ጉዳዩ በራሳቸው ደጅ ሲደርስ ግን ይጨነቃሉ። ፊልሙ ሲቀረጽ በበርካታ ግዛቶች የነጭና የጥቁር ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን የሻረው ጁን 12 ቀን 1967፣ ቀረጻው ካበቃ በኋላ፣ በቨርጂኒያ በጋብቻቸው ምክንያት በተፈረደባቸው የላቪንግ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በቀረጻው ወቅት በእነዚያ ግዛቶች ሕገ ወጥ የነበረው ጋብቻ ፊልሙ ለእይታ ሲበቃ በመላው አገሪቱ ተፈቅዶ ነበር።

ፊልሙ ብዙ ተመልካች ቢያገኝም ብርቱ ትችት ገጥሞታል። ፖይቲየር የተጫወተው ሐኪም እንከን የለሽ ነው፤ ዓለም ያወቀው ምሁር፣ ጨዋ፣ የእጮኛው አባት ስልክ ሲደውልበት እንኳ ሒሳቡን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ጥቁር ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ለመቆጠር ከሰው ሁሉ በላይ ፍጹም መሆን አለበት ወይ? የሚለው ጥያቄ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ክሊፎርድ ሜሰን ፊልሙ ከመውጣቱ ሦስት ወር አስቀድሞ በኒውዮርክ ታይምስ ባሳተመው ጽሑፍ ነጭ አሜሪካ ፖይቲየርን ይህን ያህል ለምን እንደወደደው በርዕሱ ጠይቆ ነበር። እንደ እርሱ ያሉ ተቺዎች ገጸ ባሕርያቱ ከጥቁር ሕዝብ ሕይወት ተነጥለው ነጭ ተመልካችን ለማጽናናት የተቀረጹ ናቸው ይሉ ነበር። ትችቱ ከባድ ቢሆንም የተዋናዩ ሸክምም ከባድ ነበር። በዋና ተዋናይነት የሚታየው ጥቁር ሰው እርሱ ብቻ ሊባል በሚችልበት ጊዜ እያንዳንዱ ፊልሙ የአንድ ሕዝብ ሁሉ መልክ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ለዚህም ሌላ መንገድ መኖሩን በ1964 በአነስተኛ ወጪ የተሠራው «ናቲንግ በት ኤ ማን» አሳይቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዳፍ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነው። የሰባኪ ልጅ የሆነች መምህርት ያገባል፤ በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሠራተኞች በአንድነት ይቁሙ በማለቱ ሥራውን ያጣል። ዳፍ ፍጹም ሰው አይደለም፤ ይቆጣል፣ ይሳሳታል፣ ሚስቱን ያስከፋል። የሚፈልገው እንደ ሰው ሠርቶ ማደር ብቻ ነው።

በ1968 የጸደይ ወቅት የሲኒማውና የአደባባዩ ታሪክ በስምንት ቀናት ውስጥ ተገናኘ። ኤፕሪል 4 ቀን ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በሜምፊስ ተገደሉ። ኤፕሪል 8 ሊካሄድ የነበረው የኦስካር ሥነ ሥርዓት፣ ፖይቲየርን ጨምሮ ጥቁር አርቲስቶች ከቀብሩ በፊት ከተደረገ አንገኝም በማለታቸው ለሁለት ቀናት ተራዘመ። ኤፕሪል 9 ቀብራቸው ተፈጸመ። ኤፕሪል 10 «በሌሊቱ ወበቅ» የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ በአጠቃላይ አምስት ሽልማቶችን ወሰደ። ምርጥ ተዋናይ የተባለው የፖሊስ አዛዡን የተጫወተው ሮድ ስታይገር ነው፤ ፖይቲየር በዕጩነት እንኳ አልቀረበም። ኤፕሪል 11 ቀን በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። የያንገር ቤተሰብ በስክሪን ላይ የታገለለት መብት በሕግ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ካሜራውን የያዘው ማን ነው?

እስካሁን የተጠቀሱትን ፊልሞች በሙሉ የመሯቸው ነጭ ዳይሬክተሮች ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ ነው። በካንሳስ ግዛት በፎርት ስኮት ከተማ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ፣ ከ15 ልጆች የመጨረሻው ሆኖ የተወለደው ፎቶግራፍ አንሺ ጎርደን ፓርክስ በ1969 «ዘ ለርኒንግ ትሪ» የተሰኘውን ፊልም በትልቅ የሆሊውድ ኩባንያ ሠራ። በዚህም የመጀመሪያው ጥቁር ዳይሬክተር ሆነ። ታሪኩ የራሱ ልጅነት ነው። የቀረጸውም በተወለደባት ከተማ ሲሆን ድርሰቱንም ሙዚቃውንም ራሱ አዘጋጅቷል።

ይኸው ጥያቄ አንድ ኢትዮጵያዊንም አግኝቷል። በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ቲያትር ለማጥናት ወደ ቺካጎ የሄዱት በ1967 ነበር። «በሌሊቱ ወበቅ» የወጣው፣ ዲትሮይትም የተቃጠለችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ አምርተው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማሩ፣ የሆሊውድን አተራረክ ትተው የሕዝባቸውን ኑሮ በራሳቸው መንገድ ለመቅረጽ ከተነሱ ጥቁር ወጣቶች ጋር ሠሩ። በዚያ ዘመን የሠሩት «ቡሽ ማማ» ዋትስ በተባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር የምትኖር ድሃ እናት ታሪክ ነው። በመክፈቻው የሚታየው የፖሊስ ፍተሻ ትወና አይደለም፤ የፊልሙ ባለሙያዎች በእርግጥ በፖሊስ ሲፈተሹ የተቀረጸ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም ደግሞ በ1974 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ቀረጹ። በዚህ ፊልም ዋናው ባለታሪክ በባለርስት ሥር የሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብ ነው። በ«በሌሊቱ ወበቅ» በመኪና መስኮት ለቅጽበት ብቻ የታየው አራሽ በዚህ የታሪኩ ባለቤት ሆነ።

በሆሊውድ ግን በሩ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። ከፖይቲየር ቀጥሎ በዋና ተዋናይነት ኦስካር ያገኘው ጥቁር ወንድ ዴንዘል ዋሽንግተን ሲሆን፣ ያም የሆነው በ2002፣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ምሽት ፖይቲየር የክብር ኦስካር ተበርክቶለታል። የቲማቲም ገበሬዎቹ ልጅ በ2022 በ94 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለይቷል።

የ1960ዎቹን ፊልሞች ዛሬ የሚመለከት ሰው ድፍረታቸውንም ፍርሃታቸውንም አብሮ ያያል። ማን እንደታየ፣ ማን እንደመለሰ፣ ካሜራውን ማን እንደያዘ መጠየቅ ለአሜሪካ ፊልም ብቻ የሚሠራ አይደለም። በየቤቱ በየምሽቱ በሚታዩ ድራማዎችም ገበሬው፣ የቤት ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው ምን ተብለው እንደሚጠሩና ሲበደሉ ምን እንደሚመልሱ በዚያው ዓይን መመልከት ይቻላል።